ከአራት ሰከንድ በላይ

ሄራን ደምሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው በሬዲዮ ጠይቃለች። ከእነዚህ መካከል ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ያህሉ ዛሬ የአዲስ ደጋ ነዋሪዎች ናቸው፤ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ፣ ቧንቧ ይጠግናሉ። የቀሩት ከከተማዋ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ታች በር በሚባለው የሸራ ሰፈር ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ መጡበት ቆላ ተመልሰዋል፤ የት እንደደረሱ የማይታወቅም አሉ።

ፕሮግራሙ «ደጃፍ» ይባላል። በሳምንት አምስት ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። በቀን ሁለት እንግዳ ይቀርባል፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል። በአዲስ ደጋ ድምፅ መስጠት የሚባል ነገር የለም፤ መስማት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ኮሌታው ላይ የምትሰካ ትንሽ ሬዲዮ አለችው። እንግዳው ሲናገር ይሰማል፤ ከሰለቸው ወይም ካላመነው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይዘጋል። ሃያኛዋ ደቂቃ ላይ ከከተማው ሰው ግማሹ እየሰማ ከተገኘ እንግዳው ይገባል። ካልተገኘ አይገባም። ስለዚህ «ሰው አባረርኩ» የሚል አንድም ነዋሪ የለም። ሁሉም ሬዲዮ ነው የዘጋው።

ከዚያ በፊት እንግዳ የሚመርጠው ማሽን ነበር። ቆላው በሙቀት መኖሪያነቱ እያበቃ፣ ሰው በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ማሽኑ ቀን ከሌት ሲመርጥ ኖረ። ኋላ ሕዝቡ «ማሽን አድልዎ ያደርጋል፤ ልብ የለውም» ብሎ አደባባይ ወጣ። ምክር ቤቱም «ሰውን ሰው ይጠይቀው» የሚል ደንብ አወጣ። ጥያቄው አስቀድሞ አይጻፍም፤ ጠያቂው ልቡ እንደመራው ይጠይቃል። ሄራን ያን ጊዜ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ነበረች። ለቦታው ከተፈተኑት ሁሉ ልቧ በድምፅዋ ውስጥ የሚሰማ እሷ ብቻ ናት ተብሎ ተመረጠች።

ልቧ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። ሥራውን ከመጀመሯ ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ባሏ ኢዮስያስ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያለቀልቅ ሳለ «ሌላ ሴት አለችህ?» ብላ ጠየቀችው። ኢዮስያስ ወዲያው አልመለሰም። ውሃው ብርጭቆውን ሞልቶ በእጁ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋና «የለችም» አላት። ነበረች። ቤቱን ለቆ ሲሄድ ከውሸቱ ይልቅ ያቺ ዝምታ ሆዷ ውስጥ ቀረች፤ እንደ ተዋጠ አጥንት።

ይህን ከሥራዋ ጋር አያይዛው አታውቅም። አዳዲስ ጋዜጠኞች ምክር ሲጠይቋት ግን «እውነት አትዘገይም። የሚዘገየው የሚሸመነው ነው» ትላለች። አንድ ቀን ይህንኑ በአየር ላይ ተናገረችው፤ ሰዉም ወደደው። ከዚያ ወዲህ አባባሉ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የከተማው ሆነ።

አሁን በአዲስ ደጋ ዳቦ ቤት የሚሰለፍ ሰው ተራው ሳይደርስ የሚገዛውን ዳቦ ቁጥር «አራት፣ አራት» እያለ ይለማመዳል። ባለዳቦዋ «ስንት?» ስትል የሚያመነታ ካለ ሰልፉ ጸጥ ይላል፤ ከኋላው ያለው ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሽማግሌዎች ለሽምግልና ሲላኩ የልጅቷን መልስ ብቻ ሳይሆን መልሱ የፈጀውን ጊዜም ለወንዱ ቤተሰብ ይዘው ይመለሳሉ። በትምህርት ቤት ተጠይቆ የሚያስብ ልጅ ወላጁ ይጠራበታል። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ተረት ከሃያ ዓመት በታች ያለ ሰው አያውቀውም፤ ሲነገረው ሌብነት የሚያስተምር ይመስለዋል።

ሄራን በዚህ ሁሉ ቅር ተሰኝታ አታውቅም። ቤቷ ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ኤልዳና አለች።

«ጠገብሽ?» ትላታለች ጠዋት።

«ጠገብኩ።»

«ትምህርት ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ትወጂኛለሽ?»

«እወድሻለሁ።»

ኳስ ግድግዳ መትቶ እንደሚመለስ ነው መልሱ የሚመለሰው። ሄራን ይህን ሰላም ትለው ነበር።

ጋሽ ክሩቤል ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጠው ድምፅ የሚያስተካክሉ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ከመቶ ስንት ነዋሪ እየሰማ እንደሆነ የሚያሳየው ሰሌዳም በእሳቸው በኩል ነው፤ የጣቢያው ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ጠያቂዋ እንዳታየው ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ተተክሏል። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ አንድ ሐሙስ ከፕሮግራሙ በኋላ ሄራንን ጠሯት።

«ሄራንዬ፣ እስቲ ተቀመጪ። የማሰማሽ ነገር አለኝ።»

ሁለት ቅጂ አሰሟት። በመጀመሪያው የእሷ ድምፅ «ከቤተሰብ ማንን ትተህ መጣህ?» ይላል። አንድ ወጣት ወዲያው «እናቴን» ይላል። «አይዞህ» ትለዋለች፤ «እናት የመረቀችው መንገድ አይጠፋውም።» በሁለተኛው ጥያቄው ያው ነው፤ «ከቤተሰብ ማንን ትተው መጡ?» ዝምታ። ከዚያ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ «እናቴን» ይላል። «ለማስታወስ ከበደዎት?» ትለዋለች።

ጋሽ ክሩቤል ማጫወቻውን አቆሙት።

«መልሳቸው አንድ ነው። እናቴን። አንዱ ገባ፤ አንዱ ታች በር ነው።»

«ጋሼ፣ የሁለተኛው ድምፁ ላይ የሆነ ነገር ነበረ። ይሰማል እኮ!»

«ምን ነበረ?»

«አላውቅም፤ የሆነ ነገር።»

«የነበረውማ አንቺ ነሽ» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን ሕመሙን ለሕመምተኛ እንደሚነግር ሐኪም። «ልንገርሽ። የወደድሽውን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ‹አንተ› ትይዋለሽ። ያልወደድሽው እስከ መጨረሻው ‹እርስዎ› እንደሆነ ይቀራል። መጀመሪያ ሰዉ አክብሮት ይመስለው ነበር። አሁን ሁሉም ያውቃል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ‹እርስዎ› ካልሽ ጆሮው መውረድ ይጀምራል። ባለዳቦዋ ታውቃለች። ልጅሽ ታውቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሄራን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «አምስት ሺህ ሰው ጠይቄያለሁ። አንዱን አስቀይሜ ይሆናል።»

«ከአምስት ሺው ውስጥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ላይ ከአራት ሰከንድ በላይ ዝም ብለዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ። ከእነሱ ስንት የገባ ይመስልሻል?»

«ስንት?»

«አንድም።»

ከስቱዲዮው ውጭ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች እየተሳሳቁ አለፉ። ሄራን እስኪርቁ ጠበቀችና «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?» አለች።

«ፈርቼ» አሉ ጋሽ ክሩቤል። ሳይዘገዩ ነበር የመለሱት።

ሄራን ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላዋን በጣቢያው የቅጂ ክፍል አሳለፈች። የሄደችው ሽማግሌው ተሳስተዋል ለማለት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ራሷን ሰማች፤ ስታቋርጥ፣ ስትስቅ፣ «እህ» ስትል። «እህ» የምትለው ሁለት ዓይነት መሆኑን አታውቅም ነበር፤ አንደኛው ክፍት በር ነው፣ ሌላኛው መቀርቀሪያ።

በሦስተኛው ቀን ከአራት ዓመት በፊት የጠየቀችውን አንድ ግንበኛ አገኘች። ታስታውሰዋለች፤ ከተማው ሁሉ ያስታውሰዋል። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብላው ዝም ያለው ሰው ነው። «ቁጥሩ ጠፋብዎት?» ብላ ሳቀች፤ ጆሮው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወረደ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው በየሻይ ቤቱ «ቁጥሩ ጠፋብህ?» እየተባባለ ተሳሳቀ። ሄራን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ያቺን ዝምታ ደግማ ሰማቻት። ባዶ አልነበረችም። ሰውየው በትንፋሹ ይቆጥር ነበር። ስም ነበር የሚቆጥረው። አራት ስም ጠራ፤ ሁለቱን ደገመ። ከዚያ «አሁን... ሁለት» አለ። የሞቱትን ልቁጠር ወይስ ልተው እያለ ነበር። «ቁጥሩ ጠፋብዎት?» የሚለው የሳቅ ድምፅዋ ከዚያ በላይ ተከመረበት።

ማጫወቻውን ዘጋች። ከእንግዲህ እጠብቃለሁ ብላ ወሰነች። አንድ ሰው ዝም ሲል ዝም እላለሁ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ እንግዳ አርሴማ ዳምጤ ነበረች። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ በቆላው ሠላሳ ዓመት በፋርማሲስትነት ሠርታለች። ባለቤቷ ያፌት ታች በር ሸራ ውስጥ ተኝቷል። ልቡ ሙቀት አይችልም። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች፤ ማይክሮፎኑን እንደ ሰው በትሕትና ትመለከተዋለች።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ሄራን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሆን ብላ «አንቺ» አለቻት። ቃሉ አፏ ላይ እንደ ውሰት ልብስ አልገጠማትም፤ ቢሆንም ተናገረችው። ጋሽ ክሩቤል ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። ጆሮው ሰባ ስምንት ነበር።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሄራን «ባለቤትሽ እዚህ ቢመጣ ይድናል ብለሽ ታምኛለሽ?» ብላ ጠየቀች።

አርሴማ ቀና አለች። አፏን አልከፈተችም። የምትመዝን ሴት ነበረች፤ የሰውን ነፍስ በሚሊግራም ስትሰፍር የኖረች። ሄራን ጠበቀች። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት፣ አራት። የራሷ ምላስ ለመናገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ነክሳ ያዘችው። አምስት። ስድስት። ሆዷ ውስጥ ያ የድሮው ቁጣ ተነሣ፤ ስሙን አሁን ታውቀዋለች፤ የሚፈስ የቧንቧ ውሃ። ሰባት። ስምንት። ጋሽ ክሩቤል ሰሌዳውን እያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዘጠኝ።

«ይድናል አልልም» አለች አርሴማ። «ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ስሸጥ፣ ያላረጋገጥኩትን ‹ያድናል› ብዬ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ አሁንም ለባሌ ብዬ አልጀምርም። የማውቀውን ልንገርሽ። ሙቀቱ ከሠላሳ አምስት ሲያልፍ የልቡ ምት ይዛባል። እዚህ ሃያን አያልፍም። ስንት ጊዜ እንደሚጨምርለት አላውቅም። አንድ ዓመት ቢሆን ይበቃናል። አብረን የምናነበው አንድ መጽሐፍ ጀምረናል።»

ሄራን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ መስታወቱ ስትመለከት ጋሽ ክሩቤል አንድ ወረቀት ወደ ላይ ይዘው ነበር። «19» ይላል።

ከተማው ያንን መልስ አልሰማውም። ዝምታው ላይ ነበር የወጣው።

የቀሩትን ደቂቃዎች እንደ ሰመጠ ሰው ተፍጨረጨረች። አጫጭር ጥያቄ ጠየቀች፤ ስምሽን ድገሚልን፣ ሙያሽ ምንድን ነው፣ ደጋ ትወጃለሽ። አርሴማ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ጊዜ ሰጠች፤ ለስሟ እንኳ። በመጨረሻ ሄራን ራሷ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግታ «አድማጮቼ፣ ዝምታ ውሸት አይደለም፤ ይህቺ ሴት እያሰበች ነው» አለች። ወረቀቱ ላይ «7» የሚል ነበር። ከሰባቱም ብዙዎቹ ሬዲዮአቸውን ለብሰው የተኙ ሕሙማን እንደሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ።

አርሴማ ስትወጣ «አመሰግናለሁ፤ ጊዜ ሰጠሽኝ» አለቻት። ውጤቱን ገና አልነገሯትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መልእክቶች ይጎርፉ ጀመር። ሄራን ስድብ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ምስጋና ነው። «ዝም ብለሽ በራሷ ገመድ አሳሰርሻት!» «ዘጠኝ ሰከንድ! እንግዳ እንደዚያ ሲንገዳገድ ሰምተን አናውቅም።» «አንቺ እያልሽ አዘናግተሽ መጣልሽ ድንቅ ነው።» በማግሥቱ ዳቦ ቤት ባለዳቦዋ ትርፍ ዳቦ ጨመረችላት።

«እንዴት አድርገሽ እንዳጋለጥሻት!» አለቻት እየሳቀች። «እኔ አራተኛው ላይ ዘጋሁ፤ ባሌ እስከ ስድስት ቆየ፤ እሱ ሞኝ ነው።»

«አላጋለጥኳትም» አለች ሄራን። «እየጠበቅኳት ነበር።»

«እኮ!» አለች ባለዳቦዋ። «መጠበቅሽ ነዋ!»

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ናሆም ለስላሳ ሰው ነው። ሄራን አርሴማ ደግማ ትጠየቅ ስትለው ደንቡን አሳያት፤ ያልተሰማ እንግዳ ከዘጠና ቀን በፊት አይመለስም። ለሕዝቡ ላስረዳ ስትለው ግን አልከለከለም።

«ሦስት ደቂቃ ውሰጂ» አላት። «ሰዉ ይወድሻል፤ ይሰማሻል።»

ሰኞ ከፕሮግራሙ በፊት ቀረበች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለውን ጽፋ ይዛ ነበር። «እውነት አትዘገይም ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በዚህ ምክንያት አልገባም» ብላ ጀመረች። ጆሮው ዘጠና አንድ ነበር። «ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ» ብላ ቀጠለች፤ የሚቀጥለው መስመር ኢዮስያስ ነበር። ወረቀቱን አየችው። ስሙን ለመጥራት አልደፈረችም። ልጇ እየሰማች ነው። ምን ያህል እንደቆመች አላወቀችም፤ ቀና ስትል ጋሽ ክሩቤል ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ቀሪውን አንብባ ጨረሰች። የሰማት አልነበረም።

ቤት ስትገባ ኤልዳና ሳሎን ቆማ ጠበቀቻት።

«እማ፣ አስገድደውሽ ነው?»

«ምኑን?»

«ያልሽውን። መሃል ላይ ቆምሽ እኮ።»

«ማንም አላስገደደኝም። እውነቴን ነው የተናገርኩት።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትመልስ ተመለከተቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ስትዘጋው ቀስ ብላ ነው፤ የማታውቀው ሰው ቤት እንዳለ።

ጋሽ ክሩቤል በዚያው ሳምንት ጡረታ ወጡ። ሄራን ጠዋት ጠዋት መጠየቋን ቀጠለች። አትስቅም፣ አታቋርጥም፣ ለሁሉም «እርስዎ» ትላለች፤ ቃሉም ምልክት መሆኑ ቀረ። እንግዶቹ ግን እየፈጠኑ መጡ። አንዳንዶቹ ጥያቄዋን ከአፏ ነጥቀው ይመልሱ ነበር። ጆሮው አይወርድም፤ ሰው ይገባል። አቶ ናሆም «ፕሮግራሙ እንዲህ ሰምሮ አያውቅም» አለ።

አርሴማ ከቀረበች በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሄራን ወደ ታች በር ወረደች። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ በየጠመዝማዛው ሙቀቱ አንድ አንድ ልብስ ያስወልቃል። ከዚያ በፊት ወርዳ አታውቅም። ጠያቂ እንግዳውን ከስቱዲዮ ውጭ አያገኝም የሚል ልማድ ነበር፤ ለፍትሕ ሲባል።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ በመጀመሪያ የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው።

«ለምን መጡ?» ይላል ድምፁ፤ ከትልቅ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በድምፅ ማጉያ። ሁለት መቶ ያህል ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው ሳያልቅ ሁለት መቶ አፍ ይከፈታል። «ምን ይሠራሉ?» ይከፈታል። «ማንን ትተው መጡ?» ይከፈታል። የአሥራ አንድ ዓመት ጥያቄዎቿ ተለቅመው አንድ ላይ ተቀጥለዋል። አንድ ሰው በእጁ ሰዓት ይዞ በመደዳው መካከል ይመላለሳል፤ የዘገየውን ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፣ ያም ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

በአጠገቧ የሚያልፈውን አንድ ሰው «ይቅርታ፣ አርሴማ የምትባል...» ስትል ድምፅዋን አወቀው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሦስተኛው ረድፍ፣ በግራ!» አለ።

ሦስተኛው ረድፍ አልነበረችም። ሌላ ሴት ጠየቀች። «ከውሃው ታንከር ጀርባ!» እዚያም አልነበረችም። ሦስተኛው ሰው ስሙን እንኳ ሳይሰማ «በቀኝ በኩል!» አላት። ሁሉም ቸኩለው መለሱ፤ አንዳቸውም አርሴማን አያውቋትም ነበር።

ራሷ ፈልጋ አገኘቻት። አርሴማ አንድ ግራጫ ሸራ በር ላይ፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ሶልያና የምትባል ጎረቤቷ ምስር እየለቀመች ነው። አርሴማ ከስታለች። ሄራንን ስታይ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«አርሴማ፣ የመጣሁት...»

«እንኳን ደህና መጡ!»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ...»

«ይቅር ብያለሁ!»

ሄራን ስቱዲዮ ውስጥ ያየቻትን ሴት ፊቷ ላይ ፈለገች። የአርሴማ ዓይን አይርገበገብም፤ የሄራንን አፍ ይጠብቃል፤ ጥያቄ ከየት እንደሚወረወር እንደማያውቅ።

«አሁን ጥያቄ አይደለም» አለቻት በለስላሳ ድምፅ። «እንደ እህት ነው የመጣሁት። ያፌት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እያገገመ ነው!»

ሄራን ከብዙ ሳምንት በኋላ ደረቷ ቀለል አላት። «ተመስገን! ገብቼ ልየው?»

«ተኝቷል።»

«እሺ፣ አልቀሰቅሰውም። ዘጠና ቀኑ ሲያልቅ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። እንደ ያኔው አስበሽ መልሽ። ያን መልስሽን አልረሳሁትም።»

«እሺ።»

«መጽሐፉን ጨረሳችሁት?»

«ጨረስነው!»

ሄራን ተሰናበተቻት። ስታቅፋት አርሴማ ሁለት ጊዜ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችና ለቀቀቻት፤ ከዚያ ጀሪካኗ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሶልያና የምስሩን ሰፌድ አስቀምጣ እስከ መንገዱ ልሸኝዎት አለች። ጥቂት እንደሄዱ ዞር ብላ ሸራውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያፌት ማክሰኞ ተቀበረ።»

ሄራን ቆመች። «ደህና ነው አለችኝ እኮ!»

«ምን ትበል እመቤቴ? ስናለማምዳት ‹ባለቤትሽስ?› እንላታለን። ‹ሞተ› ልትል አፏን ትከፍትና ትቆማለች። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣትም። ‹ደህና ነው› ስትል ግን አትቆምም። ከማክሰኞ ወዲህ ስንቴ ሞከርናት፤ አንዴም አልቆመችም።»

«መቼ ታለቅሳለች ታዲያ?»

«ከተማ ስትገባ» አለች ሶልያና። ከዚያ የሄራንን ክንድ ያዝ አደረገች። «እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነውና ይንገሩኝ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እውነቱን ልትናገር ስትል ብትቆም ነው የምትገባው ወይስ እየዋሸች ባትቆም?»

«እየዋሸች ባትቆም» አለች ሄራን።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም አልሰማችውም። ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመለሰችው፤ እውነቱም ያ ነበር።

ሶልያና ፊቷ ፈታ አለ። «እኛም እንደዚያው ነው ያልነው። እግዚአብሔር ይስጥልን!» ብላ ክንዷን ለቀቀችና፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ እየተጣደፈች ወደ ሸራው ተመለሰች። አውቶቡሱ ገና አልመጣም። ሄራን መንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ ቆማ ሁለቱን ሴቶች ትሰማቸው ነበር፤ አንደኛዋ ትጠይቃለች፣ ሌላኛዋ ትመልሳለች፤ «ባለቤትሽስ?» «ደህና ነው።» «ባለቤትሽስ?» «ደህና ነው።» «ባለቤትሽስ?»